ዘይት የሚጠጣው ሞተር፤ ሮተሪ ሞተር ላለው የስፖርት መኪና የሚስማማውን ዘይት ስለ መምረጥ

መኪና ያላቸው ሰዎች ስለ ሞተር ዘይት ያላቸው አስተያየት አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ቃል የሚያልቅ ነው። ዘይት በጊዜው ይቀየራል፤ በመካከሉ ከጎደለ ሞተሩ ታሟል። ይህ አነጋገር በየመንገዱ ለምናያቸው ባለ ፒስተን መኪናዎች ከሞላ ጎደል እውነት ነው። ዳሩ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ የሆነበት አንድ ዓይነት ሞተር አለ፤ እርሱ ታሟል የሚባለው ዘይቱ ሳይጎድል የቀረ እንደ ሆነ ነው። ይህም ሮተሪ፣ ወይም በፈልሳፊው ስም ቫንክል የሚባለው ሞተር ነው።

ስለዚህ ሞተር እንድጽፍ ያነሣሣኝ አጎቴ ነው። አጎቴ በአሜሪካ አገር በቨርጂኒያ የሚኖር ሲሆን ከጥቂት ዓመታት በፊት ማዝዳ አር ኤክስ 8 የሚባል የስፖርት መኪና ሁለተኛ እጅ ገዛ። ሻጩ ስለ ዘይቱ ምንም አልነገረውም፤ እርሱም አልጠየቀም። በየስድስት ወሩ ዘይት ከማስቀየር በቀር መለኪያ ዘንጉን አንድ ቀን እንኳ መዝዞ አላየም። በሐምሌ ወር ሙቀት በረዥም መንገድ ላይ ሳለ የዘይቱ መብራት በራ፤ እርሱም «እስከሚቀጥለው ማደያ ልድረስ» ብሎ ነዳው። ከዚያ ወዲህ ሞተሩ ጧት በብርድ ጊዜ ይነሣል፤ ከሞቀ በኋላ ሲያጠፉት ግን አልነሣ ይል ጀመር። ጥቂት ሳምንታት እንዲህ ከቆየ በኋላ ጭራሽ ሞተ። ሞተሩን ለማሳደስ ያወጣው ገንዘብ መኪናውን ከገዛበት ዋጋ ግማሹን አልፏል።

ሞተሩ ታድሶ ሲመለስ በስልክ ጠራኝና «አንተ የመካኒክ ነገር ትወዳለህ፤ እስቲ አንብበህ ምን ዓይነት ዘይት እንደማደርግበት ንገረኝ። እዚህ አሥር ሰው ብጠይቅ አሥር ዓይነት መልስ ሰጡኝ» አለኝ። «እሺ ጋሼ» ብዬ ስጀምረው ነገሩ የአንድ ማታ ሥራ መስሎኝ ነበር፤ ነገር ግን ወር ያህል ፈጀብኝ። ያገኘሁትን ለአንባብያን ባካፍል ይጠቅማል ብዬ ስላሰብሁ እነሆ ጽፌዋለሁ። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ሞተሩ ራሱ ምን እንደሆነ ካልታወቀ የዘይቱ ነገር ሊገባ አይችልም። በተለመደው ሞተር ውስጥ ፒስተኑ በሲሊንደሩ ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች ይመላለሳል፤ ይህም መመላለስ በቢዬላና በኮሎ አማካይነት ወደ መሽከርከር ይለወጣል። ፌሊክስ ቫንክል የተባለው ጀርመናዊ (1902-1988) ግን ከመጀመሪያው የሚሽከረከር ነገር ለመሥራት ተነሣ። ኤን.ኤስ.ዩ. ከሚባለው የጀርመን ፋብሪካ ጋር እየሠራ ሳለ የመጀመሪያው ሞተሩ በ1957 ዓ.ም. በሙከራ ጠረጴዛ ላይ ዞረ። ሰውየው ራሱ በሕይወቱ ሙሉ መንጃ ፈቃድ አልነበረውም ይባላል፤ ይህ ከጉዳያችን ውጭ ቢሆንም ሳልጠቅሰው ማለፍ አልሆነልኝም።

በዚህ ሞተር ውስጥ ፒስተንም ቢዬላም የለም፤ ቫልቭም የለም። በእነርሱ ፈንታ ጎኖቹ ጎበጥ ጎበጥ ያሉ ሦስት ማዕዘን ብረት አለ፤ ሮተር የሚባለውም እርሱ ነው። የሚዞርበት ቤት በመካከሉ ጥቂት ወገብ ያለው ሞላላ ነው። ሮተሩ በዚህ ቤት ውስጥ ሲዞር ሦስቱ ጫፎቹ ከግድግዳው ሳይለዩ ይሄዳሉ፤ በጎኖቹና በግድግዳው መካከል የሚገኙት ሦስት ክፍሎችም ይሰፋሉ፤ ይጠባሉም። አንዱ ክፍል ሲሰፋ የቤንዚንና የአየር ድብልቅ ይስባል፤ ሲጠብ ያምቀዋል፤ ካንዴላው እሳት ሲሰጠው ድብልቁ ተቃጥሎ ሮተሩን ይገፋል፤ በመጨረሻም ጭሱ በማርሚታው በኩል ይወጣል። ሦስቱም ጎኖች ይህንኑ ሥራ በየተራ ስለሚሠሩ ሮተሩ አንድ ጊዜ በዞረ ቁጥር ሦስት ግፊት ይሰጣል፤ በዚያው ጊዜ የመኻሉ ዘንግ ሦስት ጊዜ ይዞራል። የአጎቴ መኪና ሁለት ሮተሮች አሉት፤ የሁለቱ ስፋት አንድ ላይ 1,308 ሲ.ሲ. ብቻ ነው። ከዚህች ትንሽ ሞተር በጃፓን ገበያ ለወጣው ከፍተኛው ዓይነት 250 የፈረስ ጉልበት ወጥቶላታል፤ ዘንጉም በደቂቃ እስከ 9,000 ዙር ይደርሳል።

ይህ ሁሉ መልካም ነው። ችግሩ ያለው በሦስቱ ጫፎች ላይ ነው። የሮተሩ ጫፍ ግድግዳውን በትክክል ካልዘጋ በአንዱ ክፍል የታመቀው ጋዝ ወደ ሌላው ያመልጣል፤ ኃይልም አይገኝም። ስለዚህ በእያንዳንዱ ጫፍ ላይ ከሥሩ በምላስ መሰል ሞላ የሚገፋ ቀጭን ብረት ተሰክቷል። መካኒኮቻችን በፒስተን ላይ ያለውን ቀለበት ፋሻ ስለሚሉት እኔም ይህን የጫፍ ፋሻ እለዋለሁ። በአር ኤክስ 8 ውስጥ የአንዱ ፋሻ ውፍረት 2 ሚሊ ሜትር ነው። ስድስት እንዲህ ያሉ ፋሻዎች የሞተሩን ሕይወት ተሸክመው ይኖራሉ ማለት ነው።

የፋሻዎቹ ታሪክ የሮተሪ ሞተር ታሪክ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ኤን.ኤስ.ዩ. በ1967 ዓ.ም. ሮ 80 የተባለች እጅግ ያማረች መኪና አውጥቶ ነበር፤ በ1968 ዓ.ም. በአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተብላ ተመረጠች። ፋሻዎቿ ግን ቶሎ ቶሎ ስላለቁ ፋብሪካው በዋስትና ብዙ ሞተር መለወጥ ግድ ሆነበት፤ በ1969 ዓ.ም. በፎልክስዋገን ሥር ከአውቶ ኡኒዮን ጋር ተቀላቀለ። ከቫንክል ፈቃድ የገዙት የማዝዳ መሐንዲሶችም በኬንኢቺ ያማሞቶ መሪነት ሲሠሩ በመጀመሪያዎቹ ሞተሮች ግድግዳ ላይ እንደ ማዕበል የተደረደረ ጭረት አገኙ፤ ይህንንም የሰይጣን ጥፍር ብለው ጠሩት። ፋሻው በግድግዳው ላይ ሲንሸራተት እየተንቀጠቀጠ የፈጠረው ጭረት ነበር። አሉሚኒየም የተዋሐደው የካርቦን ፋሻ ከሠሩ በኋላ በ1967 ዓ.ም. ኮስሞ ስፖርት የተባለችውን መኪና ለገበያ አቀረቡ። ከዚያ በኋላ በ1978 ዓ.ም. አር ኤክስ 7 ወጣ፤ እርሱም በሦስት ትውልድ እስከ 2002 ዓ.ም. ቆየ። ከ2003 እስከ 2012 ዓ.ም. ደግሞ አር ኤክስ 8 ተሠራ። በ1991 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር በለማን በሚደረገው የ24 ሰዓት ውድድር ባለ አራት ሮተሩ ማዝዳ 787ቢ 362 ዙር ዞሮ፣ ማለትም ከ4,900 ኪሎ ሜትር በላይ ሄዶ አሸነፈ። እንግዲህ ፋሻው በሚገባ ከተያዘ ምን ያህል እንደሚችል ከዚህ ይታያል።

አሁን ወደ ዘይቱ እንምጣ። በፒስተን ሞተር ውስጥ ዘይት ወደ ሲሊንደሩ ግድግዳ የሚደርሰው ከታች ነው። ኮሎው ሲዞር ከኮፓው በኩል ዘይት ይረጫል፤ ግድግዳውን ያርሰዋል፤ የፒስተኑ ፋሻም ትርፉን ጠርጎ ይመልሰዋል። በሮተሪ ሞተር ግን ይህ «ታች» የሚባል ነገር የለም። ከጫፍ ፋሻው በፊትም በኋላም ያለው እሳት የሚነድበት ክፍል ነው። ፋሻው ከአንዱ እሳት ወደ ሌላው እሳት ይሄዳል እንጂ ዘይት ወዳለበት ስፍራ አይደርስም። እንግዲህ ዘይቱን ሆን ብሎ ወደ እሳቱ ክፍል ማስገባት ካልሆነ በቀር ፋሻውን የሚያለሰልስበት ሌላ መንገድ የለም። ለዚሁ ተብሎ አንዲት ትንሽ ፓምፕ ተሠርታለች። ይህች ፓምፕ ከኮፓው የሞተሩን ዘይት እየመጠነች በጠብታ ወደ ሮተሩ ቤት ትልካለች፤ ሞተሩ በፈጠነና ጭነቱ በበዛ መጠን የምትሰጠው ይጨምራል። ዘይቱ ፋሻውን አርሶ ከቤንዚኑ ጋር ተቃጥሎ ይወጣል፤ አይመለስም።

አጎቴ ያላወቀው ይህንን ነው። ብዙ ባለቤቶች በ1,500 ወይም በ3,000 ኪሎ ሜትር መካከል አንድ ሊትር ያህል ይጨምራሉ፤ በኃይል የሚነዳ ቶሎ ይጨምራል፤ በቀስታ የሚነዳ ይዘገያል። ስድስት ወር ሙሉ ሳያይ የቆየ ሰው ኮፓው ውስጥ ምን እንደሚቀርለት አንባቢ ራሱ ያስላው። ልማዱ ያላቸው ነጂዎች ቤንዚን ሁለት ጊዜ በቀዱ ቁጥር መኪናውን በሜዳ ላይ አቁመው ዘንጉን መዝዘው ያያሉ።

ዘይቱ ያለበት ሥራ ግን ይህ ብቻ አይደለም። ሮተሩ ውስጡ ክፍት ነው፤ ዘይትም በመኻሉ ዘንግ ውስጥ ባለው ቀዳዳ በኩል ወደ ሮተሩ ሆድ እየተረጨ ያቀዘቅዘዋል። የውጭውን ቤት ውሃ ያቀዘቅዘዋል፤ ሮተሩን ግን ከዘይት በቀር የሚያቀዘቅዘው የለም። ከዚያም ትኩሱ ዘይት ወደ ፊት ሄዶ በራሱ ራዲያተር ውስጥ ይበርዳል። የመኻሉን ዘንግ ብሮንዚኖች ከመፋተግ የሚጠብቀውም ይኸው ዘይት ነው።

የምርጫውን ነገር አስቸጋሪ ያደረገው እዚህ ላይ ይገኛል። አንዱ ዘይት ሁለት ተቃራኒ ነገር እንዲያደርግ ይጠየቃል። በሮተሩ ሆድ ውስጥና በብሮንዚኖቹ ላይ እሳት የማይበግረው፣ የማይቃጠልና የማይቀጥን መሆን አለበት። በጫፍ ፋሻው ላይ ደግሞ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ በንጽሕና ተቃጥሎ ዱካውን ሳያስቀር መጥፋት አለበት። ለፒስተን ሞተር ዘይት የሚሠሩ ሰዎች የሚያስቡት ስለ መጀመሪያው ብቻ ነው፤ ዘይታቸው እንዲቃጠል አይፈልጉምና። አሥር ሰው አሥር መልስ የሚሰጠውም አንዱ የመጀመሪያውን፣ ሌላው ሁለተኛውን ሥራ ብቻ እያየ ስለሆነ ነው።

ስለ ውፍረት አስቀድሜ ልናገር፤ ሰው ሁሉ የሚከራከረው በዚህ ነውና። በዘይት ቆርቆሮ ላይ 5ደብልዩ-30 ወይም 20ደብልዩ-50 የሚል ጽሑፍ ይታያል። ይህ የአሜሪካ የአውቶሞቢል መሐንዲሶች ማኅበር፣ ማለት የኤስ.ኤ.ኢ. አመዳደብ ነው። ብዙ ሰው የመጀመሪያው ቁጥር ዝቅተኛውን፣ ሁለተኛው ከፍተኛውን ሙቀት በዲግሪ የሚናገር ይመስለዋል፤ እኔም እንዲሁ ይመስለኝ ነበር። ነገሩ እንዲያ አይደለም። ደብልዩ የሚለው ፊደል በእንግሊዝኛ የብርድ ወራትን የሚያመለክት ሲሆን ከፊቱ ያለው ቁጥር ዘይቱ በብርድ ጊዜ እንዴት እንደሚፈስ ይነግረናል፤ ባነሰ መጠን በብርድ ይበልጥ ይቀጥናል። ባለ 5ደብልዩ ዘይት ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ላይ፣ ባለ 20ደብልዩ ደግሞ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ላይ ሞተር ለማስነሣት የሚያስችል መሆኑ ይፈተናል። ሁለተኛው ቁጥር የሚሰጠው ዘይቱ በ100 ዲግሪ ሙቀት ባለው ውፍረት ነው። ከዚህም ሌላ ዘይቱ በ150 ዲግሪ ሙቀት እየተፈተገ ምን ያህል ውፍረቱን እንደሚጠብቅ ይለካል፤ ባለ 30 የሆነው ቢያንስ 2.9፣ 10ደብልዩ-40 የሆነው ቢያንስ 3.5፣ ባለ 50 የሆነው ቢያንስ 3.7 ሚሊ ፓስካል ሰከንድ እንዲሆን ደንቡ ያዛል። ለሮተሪ ሞተር ይህ የመጨረሻው ልኬት ከሁሉ ይበልጥ የሚጠቅም ይመስለኛል፤ ዘይቱ የሚሠራው በዚያ ዓይነት ሙቀት ውስጥ ነውና።

ማር በብርድ ወራት ጧት ከማሰሮው አልፈስ ብሎ እንደሚያስቸግር፣ ምድጃ አጠገብ ሲያስቀምጡት ግን እንደ ውሃ እንደሚወርድ እናውቃለን። ዘይትም ጠባዩ ይኸው ነው። የሚፈለገው ጧት ቶሎ የሚፈስ፣ ቀትር ላይም ውሃ የማይሆን ነው።

ማዝዳ ራሱ የሰጠው ምክር በየአገሩ ተለያይቷል። በሰሜን አሜሪካ ለአር ኤክስ 8 የታዘዘው 5ደብልዩ-20 ሲሆን በአውሮፓ ግን 5ደብልዩ-30 ነው። ሞተሩ ያው አንድ ሞተር ነው። አሜሪካውያን ባለ መኪናዎች በዚህ ብዙ ተገርመዋል፤ ቀጭኑ ዘይት የታዘዘው ጥቂት ቤንዚን ለመቆጠብ ነው ብለው የሚያምኑም ብዙዎች ናቸው። በውድድር ሜዳ የሚነዱት ደግሞ ወፍራሙን 20ደብልዩ-50 ይመርጣሉ። ለእነርሱ ትክክል ነው፤ ሞተሩ ሰዓት ሙሉ በከፍተኛ ዙር ይሠራል፤ ሙቀቱም ከባድ ነው፤ ከብርድ ጋር ግን ጉዳይ የላቸውም።

ነገር ግን «ወፍራም ከሆነ ይጠብቃል» የሚለው አባባል ለሁሉ አይሆንም። ወፍራም ዘይት በብርድ ጧት ወደ ብሮንዚኖቹ ዘግይቶ ይደርሳል፤ ወደ ሮተሩ ሆድ የሚረጨውም በጠባብ ቀዳዳ ስለሆነ የሚያልፈው መጠን ያንሳል። ሌላው ነገር ቤንዚን ነው። የሮተሪ ሞተር በብርድ ሲነሣ ብዙ ቤንዚን ይጠጣል፤ ከዚያም ጥቂቱ በጎን ፋሻዎቹ አልፎ ወደ ኮፓው ይገባል። ስለዚህ አጭር አጭር መንገድ ብቻ የሚነዳ ሰው ባለ 30 ዘይት ቢጨምር ከወር በኋላ ያለው ዘይት ባለ 30 መሆኑ ያጠራጥራል። ብዙ የሮተሪ መካኒኮች ዘይቱ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ እንዲቀየር የሚመክሩት በዚህ ምክንያት ነው። «እኔ ሁልጊዜ አዲስ ዘይት እየጨመርሁ መቀየር ምን ያደርጋል?» የሚል ሰው አጋጥሞኛል፤ ዘይት በላዩ ቢጨመርም በኮፓው ያለው ቤንዚንና ጥላሸት እዚያው መቅረቱን ረስቶት ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ አመዱ ነው። የሞተር ዘይት ዘይት ብቻ አይደለም። መፋተግን የሚከላከል የዚንክና የፎስፎረስ ቅመም፣ ቆሻሻን የሚያጥብ የካልሲየም ወይም የማግኒዚየም ቅመም ተደባልቆበታል። እነዚህ ማዕድናት ሲቃጠሉ እንደ ጭስ አይጠፉም፤ ልክ ከሰል ነዶ ሲያልቅ ምድጃው ላይ እንደሚቀረው ደረቅ አመድ ይሆናሉ። በፒስተን ሞተር የሚቃጠለው ዘይት ጥቂት ስለሆነ ይህ አይታይም። በሮተሪ ሞተር ግን በየቀኑ ዘይት ስለሚነድ አመዱና ከሰሉ በካንዴላው ላይ፣ በሮተሩ ፊት ላይና ፋሻው በተሰካበት ጎድጓዳ ስንጥቅ ውስጥ ይከማቻል። ፋሻው በስንጥቁ ውስጥ ከተጣበቀ ሞላው ሊገፋው አይችልም፤ ግድግዳውንም አይዘጋም። ፎስፎረሱ ደግሞ በጭስ መውጫው ላይ ያለውን ጭስ የሚያጣራ መሣሪያ ይመርዘዋል። ስለዚህ ለውድድር የተዘጋጀውንና ዚንክና ፎስፎረስ የበዛበትን ዘይት በከተማ መኪና ላይ ማድረግ ጥቅሙ ጥቂት፣ ጉዳቱ ብዙ ነው። በቆርቆሮው ላይ ኤስ.ኤን. ወይም ከ2020 ዓ.ም. ወዲህ የወጣው ኤስ.ፒ. የሚል የኤ.ፒ.አይ. ምልክት ካለ በ5ደብልዩ-30ና በመሳሰሉት ቀጫጭን ዘይቶች ላይ የፎስፎረሱ መጠን ተወስኗል ማለት ነው።

ስለ ሰው ሠራሽ ዘይት የሚደረገው ክርክር ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ማዝዳ በሰሜን አሜሪካ ለብዙ ዓመታት ሰው ሠራሽ ዘይት በሮተሪ ሞተር እንዲደረግ አይመክርም ነበር። ስለ ምክንያቱ ሁለት ነገር ይነገራል። አንደኛው የቀድሞዎቹ ሰው ሠራሽ ዘይቶች ለጎማ ማሸጊያዎች አይስማሙም ነበር የሚል ነው፤ ሁለተኛው እሳት ስለማይበግራቸው ተቃጥለው አይጠፉም የሚል ነው። በሌላ በኩል ኢደሚትሱ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ለሮተሪ ሞተር ብቻ ያዘጋጀውን ሰው ሠራሽ ዘይት ይዞ ለገበያ ወጥቷል። እንግዲህ ሰው ሠራሽ መሆኑ ብቻውን ኃጢአት አይደለም፤ ጥያቄው ምን ቅመም ገብቶበታል፣ ሲቃጠልስ ምን ያስቀራል የሚለው ነው። ከድፍድፍ ነዳጅ የተጣራው ተራ ዘይት ርካሽ ነው፤ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ለሚቀይርና በየጊዜው ለሚጨምር ሰው ዋጋውም ነገር ነው። እኔ በበኩሌ ውዱን ዘይት ገዝቶ አሥር ሺህ ኪሎ ሜትር ከሚያቆየው ሰው ይልቅ ርካሹን ቶሎ ቶሎ የሚቀይረው ሰው ሞተር ይበልጥ ዕድሜ ያገኛል ብዬ አምናለሁ።

ሁለቱን ተቃራኒ ሥራዎች በአንድ ዘይት ማሠራት ካስቸገረ በሁለት ዘይት ማሠራት አይቻልም ወይ? ይቻላል። ይህን መንገድ ካገኘሁ በኋላ ነው ለአጎቴ የምሰጠው መልስ የተቃናልኝ። ባለ ሁለት ምት የሆኑት የሞተር ብስክሌትና የእንጨት መቁረጫ መጋዝ ሞተሮች ዘይታቸውን ከቤንዚን ጋር ደባልቀው የሚያቃጥሉ ናቸው። ስለዚህ የእነርሱ ዘይት ከመጀመሪያው የሚሠራው ሊቃጠል ነው፤ አመዱም እጅግ ጥቂት ነው። የጃፓኖች የጃሶ ደንብ እንዲህ ያሉትን ዘይቶች በጭሳቸውና በንጽሕናቸው መጠን በፊደል ይመድባቸዋል፤ ኤፍ ዲ የሚባለው ጭሱ ያነሰና ንጹሕ የሆነው ነው። ብዙ የሮተሪ ባለቤቶች ይህንን ዘይት ጥቂት ጥቂት እያሉ ከቤንዚኑ ጋር ይጨምራሉ። አንዳንዶቹም የመጣኟን ፓምፕ መስመር ከኮፓው ለይተው የባለ ሁለት ምት ዘይት ከያዘ ትንሽ ዕቃ ጋር የሚያገናኝ መሣሪያ ያስገጥማሉ። ያን ጊዜ በኮፓው ያለው ዘይት የማቀዝቀዝና የብሮንዚን ሥራ ብቻ ይቀርለታል፤ ባለቤቱም እሳት የማይበግረውን ሰው ሠራሽ ዘይት ያለ ስጋት ሊመርጥ ይችላል።

መጠኑ ግን መታወቅ አለበት። በአሜሪካ የተለመደው ከፍተኛው ልክ ለአንድ ጋሎን ቤንዚን አንድ አውንስ ነው፤ በእኛ ልክ ለአንድ ሊትር ወደ 8 ሚሊ ሊትር ይመጣል። ፓምፗ ደኅና ከሆነች ግማሹ፣ ማለት ለአንድ ሊትር 4 ሚሊ ሊትር ይበቃል ይላሉ። እንግዲህ 50 ሊትር ለሚቀዳ ሰው 200 ሚሊ ሊትር ነው፤ ይህም አንድ የሻይ ብርጭቆ ያህል ቢሆን ነው። ከዚህ በላይ ማብዛት ካንዴላውን ያቆሽሻል። አንዳንድ ደፋሮች ደግሞ «ቤንዚኑ ውስጥ ከጨመርሁ ፓምፗ ምን ታደርግልኛለች?» ብለው ያስዘጓታል። ይህ ለእሽቅድምድም መኪና ይሆን እንደሆነ እንጃ፤ በየቀኑ ለሚነዳ መኪና ግን አንድ ቀን መጨመር ቢረሳ ስድስቱም ፋሻ በደረቅ ብረት ላይ ይሄዳሉ። ፋብሪካው ራሱ በ2009 በታደሰው አር ኤክስ 8 ላይ ለእያንዳንዱ ሮተር ከሁለት ወደ ሦስት የዘይት ማስገቢያ ቀዳዳ ጨምሯል፤ ዘይቱ በፋሻው መካከልም እንዲደርስ ነው። ፋብሪካ ጨምሩ ያለውን ሰው በገዛ እጁ ሲዘጋው ያስገርማል።

ይህንን ሁሉ በወረቀት ላይ ካሰፈርሁ በኋላ ለአጎቴ ደወልሁለት። ቨርጂኒያ ክረምቷ በረዶ ይጥላል፤ በበጋ ደግሞ ሙቀቱ 35 ዲግሪ የሚደርስበት ጊዜ አለ። እርሱም የሚነዳው ወደ ሥራ እንጂ ለውድድር አይደለም። ስለዚህ «ጋሼ፣ 5ደብልዩ-30 የሆነ፣ ኤስ.ኤን. ወይም ኤስ.ፒ. የሚል ምልክት ያለበትን ዘይት ያድርጉ፤ ሙቀቱ ሲበረታና ረዥም መንገድ ሲሄዱ ወደ 10ደብልዩ-40 ቢለውጡ አይጎዳም። ፓምፗን አያስነኩ። ቤንዚን ሲቀዱ ለሊትር 4 ሚሊ ሊትር የባለ ሁለት ምት ዘይት ይጨምሩ» አልሁት። ሞተሩ ገና አዲስ ስለሆነ ያደሰለት መካኒክ ለመጀመሪያው ጊዜ ተራውን ከድፍድፍ የተጣራ ዘይት እንዲጠቀምና ሞተሩን በኃይል እንዳያስጮኸው ነግሮት ነበር፤ እኔም በዚህ ተስማማሁ። አንድ ነገር ደግሞ ጨመርሁለት። ሞተሩን በብርድ አስነሥቶ ከደጅ እስከ ጋራዥ አሥር ሜትር ብቻ ነድቶ ወዲያው ማጥፋት አይገባም፤ ያልተቃጠለው ቤንዚን በግድግዳው ላይ ያለውን የዘይት ልባስ አጥቦ ስለሚወስደው በማግስቱ የእመቃ ኃይል አጥቶ አልነሣ ይላል።

«ታዲያ ዘይት ስትበላ ነው ደኅና የምትሆነው በለኛ!» ብሎ ሣቀ።

ባለፈው ሳምንት እንደገና ሲደውል ከሞተሩ እድሳት ወዲህ 4,000 ኪሎ ሜትር ያህል መንዳቱን፣ ሁለት ሊትር ዘይት መጨመሩንና ሞተሩ በትኩሱም ያለ ችግር እንደሚነሣ ነገረኝ። የባለ ሁለት ምቱን ዘይት የሚሰፍረው በሳል መድኃኒት መለኪያ ኩባያ ነው። ዘይቱን ቤንዚን ከመቅዳቱ በፊት ይጨምረው ወይስ በኋላ ብሎ ጠየቀኝ፤ በፊት እንዲያደርገው ነገርሁት፤ ቤንዚኑ በላዩ ሲፈስ ራሱ ያማስለዋልና።